ማኅተማችን በመሳቢያዎ ውስጥ እንዴት ከረመ?

ለክቡር አቶ ኃይለመስቀል ማዳልቾ
የነዳጅ ፍለጋ የአካባቢ ተሳትፎ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አርባ ምንጭ

ሐምሌ 7 ቀን 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? እኛ የዓባያ ዳር ሴቶች ደህና ነን፤ ዝናቡም ዘንድሮ ሳይዘገይ ገብቶልናል። ጤናዎ እንደ ካምፑ ጄኔሬተር ሌት ተቀን ሳይቋረጥ እንዲሠራ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅብዎ፣ የመሳቢያዎ ቁልፍም እንዳይጠፋብዎ ከልብ እመኛለሁ። ቁልፉን በተለይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ መሳቢያ ውስጥ የሠላሳ አንድ ሴቶች ማኅተም ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝቷል። ተኝቷል ያልኩት በአክብሮት ነው እንጂ፣ እንዳየሁት ከሆነ ከእኛ ከባለቤቶቹ ይልቅ ሥራ የበዛበት እርሱ ነው።

እኔ ጌጤ ሻንካ እባላለሁ። ስሜን አያስታውሱት ይሆናል፤ ፎቶግራፌን ግን በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በነጭ ጋዋን፣ ጸጉሬን ተሸፍኜ ያገኙታል። ከምዕራብ ዓባያ ከተማ ወደ ሐይቁ ሲወረድ ባለው ዳርቻ ሙዝ አለማለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ ደብዳቤዬ ቢረዝምብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያን ያህል ዘመን የተጠራቀመ ነገር በአጭሩ አልወጣ ብሎኝ ነው። ደብዳቤውን ለሁሉ ሰው ግልጽ ያደረግሁትም መዝገብ ቤትዎ በእጅ ያመጣሁትን አልቀበል ስላለኝ ነው፤ ምክንያቱን በቦታው እነግርዎታለሁ።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ከመነሻው ላስረዳ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ የውጭ ኩባንያ በሐይቃችን ዳር ነዳጅና ጋዝ ሊፈልግ መጣ። መንገድ ጠረገ፣ ካምፕ ተከለ፣ ከትልቁ ሾላችን የሚረዝም የብረት ማማ አቁሞ መሬቱን መብሳት ጀመረ። እርስዎም የካምባ ልጅ፣ የተማሩ የአገራችን ሰው ስለሆኑ ተሾሙልን፤ ሥራዎ ኩባንያው የሚያስፈልገውን ዕቃና አገልግሎት በተቻለ መጠን ከአካባቢው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ መሆኑንም ከሾላው ሥር ሰብስበው ነገሩን። «ነዳጁ ይገኝም አይገኝም፣ ሥራው የእናንተ ነው» ብለው ነበር። አጨበጨብንልዎ። ነዳጁ እስካሁን እንዳልተገኘ እንሰማለን፤ ሥራውም ከነዳጁ ጋር አብሮ ሳይደበቅ አልቀረም።

በቃልዎ ተመርተን ሠላሳ አንድ ሴቶች የዓባያ ዳር ሴቶች ምግብ አቅራቢ ማኅበርን አቋቋምን። ለካምፑ ሠራተኞች ምግብ ልናበስል፣ ሙዛችንንና የባሎቻችንን ዓሣ ልናቀርብ ነበር። በእርስዎ በኩል ደንብ አስጻፍን፣ ፈቃድ አወጣን፣ አሸዋውን ከወንዝ በጀርባችን ተሸክመን የብሎኬት ኩሽና ሠራን፣ በመጨረሻም ማኅተም አስቀረጽን። ማኅተሙ ክብ ነው፤ መካከሉ ላይ የሙዝ ዘለላና ዓሣ አለበት። ሊቀ መንበራችን ልክነሽ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነበር የምትይዘው፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ ስለማትለየው መጋቢው በሰው ፊት «ልክነሽ፣ ይሄ ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስሽ ሊበልጥ ነው» ብሎ ቀልዶባታል። እሷም «መጽሐፍ ቅዱሱንማ ቢሰርቁብኝ ሌላ ይሰጡኛል» አለችው። ያን ጊዜ ሁላችንም ስቀንባታል።

ከዚህ በኋላ የተደረገልንን ውለታ በቁጥር እያስቀመጥኩ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። በገበያ ቀን ጠርተው ሦስት ቀን አስተማሩን። ፎቶ አንሺው ከአሠልጣኙ ቀድሞ መድረሱ ያን ጊዜ አልገረመኝም ነበር፤ ዛሬ ይገርመኛል። ትምህርቱ በግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ እየበራ ይታይ ነበር፤ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ያመጣዋል፤ ከመካከላችን አማርኛ ለማይገባቸው አሥራ አራት ሴቶች ልክነሽ ከአማርኛው ወደ ጋሞኛ ትመልሰዋለች። በሦስት ቋንቋ ተጉዞ የደረሰን ትምህርት፣ ምግብ ከመንካት በፊት እጅ መታጠብ እንደሚገባ የሚገልጽ ነበር። ልጆቻችን ሳይታመሙ ያደጉት በአጋጣሚ መሆኑን ያወቅነው በዚያ ቀን ነው።

ከዚያ አራት አራት ወረቀት ላይ በአውራ ጣታችን አስፈረሙን። ሁለቱ የመገኘታችን ማስረጃ መሆኑ ተነገረን። ስለ ሌሎቹ ሁለት ስጠይቅ አብሮዎት የመጣው ወጣት «እሱ ለፋይል ነው እማማ» አለኝ። ጣቴን ወደ ወረቀቱ የሚጎትተው ሰው እንደ ቸኮለ ሳይ ልቤ አንድ ነገር ጠረጠረ፤ ግን ማንበብ የማይችል ሰው ጥርጣሬውን የት ያስቀምጠዋል? በሳምንቱ በጎልማሶች ትምህርት ተመዘገብኩ። መምህራችን ጌዲዮን፣ ትዕግሥተኛው ሰው፣ «እማማ ጌጤ፣ ምን ለማንበብ ይፈልጋሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «የፈረምኩትን» ብዬዋለሁ። ስለዚህ ፊደል እንዳውቅ ምክንያት የሆኑኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን ውለታ ሌሎች ኃላፊዎች አስበውት አያውቁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጨረታው አመሰግናለሁ። ለካምፑ ምግብ ለማቅረብ የሚወዳደር ሁሉ የነዳጅ ሠራተኞችን የመመገብ የአሥር ዓመት ልምድ እንዲኖረው የሚል መስፈርት ወጣ። ልክነሽ ተነሥታ፣ «ልጄ፣ በእኛ ዳር ነዳጅ ሲፈለግ ይሄ የመጀመሪያው ነው አይደል? ታዲያ አሥር ዓመት ማንን ስንመግብ እንቆይ?» ብላ ስትጠይቅዎ ሳቁ፤ ሳቅዎ ደስ የሚል ነው። «እማማ ልክነሽ፣ መስፈርት ነው» አሏት። የተማረ ሰው መልስ ሲሰጥ እንዲህ ነው፤ ጥያቄውም መልሱም አብረው ያልቃሉ።

ግን አልጣሉንም። መፍትሔ አለ አሉን፤ ልምድ ያለው አንድ ድርጅት ከአዲስ አበባ መጥቶ ከእኛ ጋር ሽርክና ይገባል፤ እርሱ ልምዱን ያመጣል፣ እኛ አካባቢውን እናመጣለን። አካባቢውን እንዴት አድርገን እንደምናመጣው ስንጠይቅዎ ማኅተሙን ለሁለት ሳምንት ብቻ ለምዝገባ ስጡኝ አሉ። እኛም አይሆንም አልን። ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ አይሆንም አልን። ማኅተማችን ለሚመታበት ወረቀት ሁሉ ልክነሽ ራሷ ከተማ ድረስ እንድትሄድ፣ ሰው እንዲያነብላትና ራሷ እንድትመታ ተስማምተን ነበር።

ሦስተኛ፣ እርጥብ ሳር ይዘው ስለ መምጣትዎ አመሰግናለሁ።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር ለሆኑ አንባቢዎች አንድ ነገር ልግለጽ። በእኛ በጋሞ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ የተንበረከከን ሰው ዘሎት የሚሄድ የለም። ጠብ ከሆነ ጠቡ እዚያው ይቆማል፤ ልመና ከሆነ ልመናው ይሰማል። ሳሩን የያዘ ሰው ክፉ አያስብም ተብሎ ስለሚታመን ማንም «ለምን ያዝከው?» ብሎ አይመረምረውም። ሽማግሌዎቻችን ደም ሊፋሰሱ የተነሡ ሰዎችን በዚህ ሳር ብቻ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

እርስዎም በአራተኛው ጊዜ ከመኪናዎ ወርደው፣ ያን የሚያምር ሱሪዎን ለአቧራው ሳይሳሱለት ከሾላው ሥር ተንበርክከው ሳሩን ዘረጉልን። ከመካከላችን አንዲት አሮጊት አለቀሱ። ልክነሽ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታችና ማኅተሙን በሁለት እጇ ሰጠችዎት። ከእኛ በቀር እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም፤ ሳሩን አየን፣ የያዘውን ሰው አላየንም።

እኔ ግን አንድ ነገር አይቼ ነበር፤ በዚያ ቀን መናገር ነውር ስለ ሆነብኝ ዝም አልኩ። ሳሩን ያወጡት ከመኪናዎ የኋላ ወንበር ላይ ነው፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነበር። ከእግርዎ ሥር ሜዳ ሙሉ ሳር እያለ ከየት ተጭኖ እንደ መጣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ያ ሳር ራሱ የአካባቢው ምርት አልነበረም ብዬ እጠረጥራለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ሙዙ አመሰግናለሁ። ከእኛ ከሠላሳ አንዱ ቤት ካምፑ ውስጥ ሥራ ያገኘው የልክነሽ አማች ማርቆስ ብቻ ነው፤ በር ይጠብቃል። ሽርክናው ተጀመረ በተባለ በወሩ አንድ ዓርብ ቀን መንገድ ላይ አገኘኝና «እማማ ጌጤ፣ ሙዝዎ ከአዲስ አበባ ደህና ገባ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ዓርብ ራሴ በሩ ድረስ ሄጄ ቆምኩ። የጭነት መኪናው ማቀዝቀዣ ተከፈተ፤ ሙዙ በካርቶን ተደርድሮ ወረደ። ማክሰኞ ዕለት ከእኛ መንገድ ዳር የተጫነው፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ካርቶን ለብሶ፣ በዓርቡ ከእርሻችን ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ወረደ። ከሙዙ በኋላ ቆሮሶ ዓሣ በበረዶ ታሽጎ መጣ፤ ከዓባያ ካልሆነ ከየትኛው ሐይቅ እንደ ወጣ ለመጠየቅ ማርቆስን ማስጨነቅ አልፈለግሁም፤ ልጆች አሉት።

ልክነሽ ይህን ስነግራት፣ «ምናልባት የአሥር ዓመቱን ልምድ ሊያመጡ ሄደው ይሆናል» አለች። የሳቅነው ለመጨረሻ ጊዜ ያን ቀን ነው።

አምስተኛውን ምስጋና እዘለዋለሁ፤ ስለ ኩሽናችን ነው። ድስቶቹ ዝገው፣ በሩ ላይ ሸረሪት አድርቶ ሰው ሁሉ ስላየው መጻፍ አያስፈልገኝም። ማኅተሙን ስንጠይቅዎ ደግሞ በሂደት ላይ ነው ይሉን ነበር። ሂደቱ ወዴት እንደሚሄድ ያወቅሁት ባለፈው ግንቦት ነው።

ግንቦት ላይ መነጽር ልቀበል ወደ አርባ ምንጭ መጣሁ። መነጽሩን አድርጌ ስወጣ መንገዱ ሁሉ በጽሑፍ የተሞላ ሆኖ አገኘሁት፤ የሱቁን ስም፣ የመኪናውን፣ የማስታወቂያውን ሁሉ እያነበብኩ ስሄድ የጽሕፈት ቤትዎ ዓውደ ርእይ ከሚታይበት አዳራሽ ደረስኩ። ገባሁ። ትልቅ ሸራ ላይ ሠላሳ አንዳችንም በነጭ ጋዋን ቆመናል፤ ከፊታችን ባለው ጠረጴዛ ላይ ያልሠራነው ምግብ ተደርድሯል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ዘበኛው ግራ ገብቶት ጠጋ አለና «እማማ፣ ሰው ጠፋብዎት እንዴ?» አለኝ። «አዎ ልጄ፣ ራሴን እየፈለግሁ ነው» አልኩት። ወንበር አመጣልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው።

ክቡር ሆይ፣ ያነበብኩትን እርስዎ ያውቁታል፤ የማያውቁት እኔ ማንበቤን ነው። ማኅበራችን ከአዲስ አበባው ድርጅት ጋር ሆኖ ካምፑን ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ማቋረጥ እንደ መገበ ይላል። በዚህም ምክንያት ኩባንያው የአካባቢውን ሰው በማሳተፍ ምሳሌ እንደ ሆነ ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ሁለተኛው የሥራ ምዕራፍ ሐምሌ 15 ቀን እንደሚፈረም፣ ካምፑ ከሾላው ጀምሮ እስከ ጀልባ ማቆሚያው ድረስ እንደሚሰፋ፣ «የዳርቻው ተጠቃሚዎች በማኅበራቸው አማካይነት መሬቱን በፈቃዳቸው ለመልቀቅ ተስማምተዋል» ይላል። በፈቃዳቸው የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አዲስ ፊደል የቆጠረ ሰው ቃል ሊሳሳት ይችላል ብዬ። አልተሳሳትኩም። ከሥሩ ክብ ማኅተም ተመትቷል፤ መካከሉ ላይ የሙዝ ዘለላና ዓሣ አለበት።

ከሾላው እስከ ጀልባ ማቆሚያው ያለው መሬት የሠላሳ አንዳችንም ሙዝ ያለበት ነው። ሌላ የለንም። ባሎቻችን መረብ የሚያወጡት በዚያ ነው፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚገቡት ከዚያ በሚወጣው ነው። እኔ ባሌን ከቀበርኩ በኋላ አራት ልጆች ያሳደግሁት በዚያ አሥራ ሁለት ረድፍ ሙዝ ነው። ሐምሌ 15 ቀን ያ ማኅተም አንድ ጊዜ ደግሞ ከተመታ፣ ያን መሬት ለካምፑ የለቀቅነው እኛው ራሳችን ሆነን ልንገኝ ነው። መንግሥት ወሰደብን፣ ኩባንያ ወሰደብን ብለን የምንጮኽበት አፍ እንኳ አይኖረንም። ተሳትፎ ማለት ይህ መሆኑን ከእርስዎ በፊት የነገረን ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ከልክነሽ ጋር ሆነን ደብዳቤ ይዘን ቢሮዎ መጣን። ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ሳምንትም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ደብዳቤውን ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ለቤተልሔም ሰጠናት፤ ጨዋ ልጅ ነች፤ ተነሥታ ነው የተቀበለችን። ገልብጣ አየችውና «እማማ፣ ማኅተም የለውም፤ ማኅተም የሌለው የማኅበር ደብዳቤ አንቀበልም» አለች።

ልክነሽ «ማኅተማችን ከአለቃሽ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ደብዳቤውም እሱን መልሱልን የሚል ነው» አለቻት።

«እንግዲያው ማኅተሙን በደብዳቤ ትጠይቃላችሁ።»

«ይኸው ደብዳቤው።»

«ይሄማ ማኅተም የለውም።»

ልጅቷ ራሷ የተናገረችው ሲገባት አንገቷን ደፋች፤ አልፈረድንባትም። የሷ ጥፋት አይደለም። ከማዶ ያለው በር ግን ገርበብ ብሎ ነበር፤ ስብሰባው ውስጥ ያለው ሰው አንድ ብቻ መሆኑን፣ እርሱም ሻይ እየጠጣ መሆኑን አይቻለሁ። መነጽሬ ለሩቅም ይሠራል።

በአውቶቡስ ስንመለስ ልክነሽ የሐይቁን ውኃ ስታይ ቆየችና፣ «እኔ ነኝ የሰጠሁት። በእነዚህ እጆቼ» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ነጠላ ለብሳው አታውቅም።

ክቡር ሆይ፣ አሁን እኛ ስላደረግነው ነገር ላሳውቅዎ፤ ከእርስዎ እንደ ተማርነው ነገሩ ካለቀ በኋላ ማሳወቅ የተሻለ ነው።

መምህር ጌዲዮን ለእኔና ተከትለውኝ ለተመዘገቡት ሴቶች የማኅበራችንን ደንብ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንድናነብ የቤት ሥራ ሰጠን። ተራ በተራ እያነበብን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ወደ መጨረሻው ስንደርስ፣ ማኅበሩ በአባላቱ ጉባኤ ውሳኔ ሊፈርስ እንደሚችልና ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ ማኅተሙ ዋጋ እንደማይኖረው የሚል አንቀጽ አገኘን። ደንቡን ያስጻፉልን እርስዎ ነዎት፤ ያን አንቀጽ አላነበቡት ይሆናል።

ሰኔ 29 ቀን፣ እሑድ፣ ሁላችንም ከየቤተ ክርስቲያናችን እንደ ወጣን ከሾላው ሥር ተሰበሰብን። ልክነሽ ቆማ «እንዲፈርስ የምትፈልጉ እጃችሁን አውጡ» አለችና መጀመሪያ የራሷን አወጣች። እጇን ስታወጣ መሬት መሬት ታይ ነበር። አሸዋ የተሸከምንበትን፣ ሦስት ዓመት የተሰበሰብንበትን ነገር በራሳችን እጅ ስናፈርስ እንደ ለቅሶ ነበር። የሁላችን ታናሽ ብርቅዬ እጇን አላወጣችም፤ «ልጄን እኮ ካምፕ ውስጥ ወጥ ሠሪ ልሆንልሽ ነው ብያታለሁ» አለች። «ምን ልበላት?» አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ሆነው «እውነቱን በያት» ሲሉ፣ ብርቅዬ «እውነቱንማ እሷ ቀድማ ታውቀዋለች፤ ሁሌ ዓርብ ዓርብ መኪናውን ታየዋለች» አለች። ከዚያ እጇን አወጣች። ሠላሳ አንድ ለዜሮ ሆነ።

ማክሰኞ ሐምሌ 1 ቀን ቃለ ጉባኤውን ይዘን ማኅበራትን ወደሚመዘግበው ቢሮ ሄድን። መዝጋቢው አቶ ሽበሺ ይባላሉ፤ ቀስ ብለው የሚያነቡ ሰው ናቸው። በቃለ ጉባኤው ሥር ሠላሳ አንድ ፊርማ አዩ፤ አንድም የጣት አሻራ የለበትም። አማርኛ የማይገባቸው አሥራ አራቱ ሴቶችም ከእኔ ጋር ፊደል ቆጥረዋል፤ ስማቸውን ለመጻፍ ብቻ አንድ ወር ፈጅቶባቸዋል። አቶ ሽበሺ «ማኅበር ሲፈርስ ማኅተሙ ይመለሳል፤ የት አለ?» አሉን። የለም አልን። «ጠፍቶ ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል» አሉ።

ጠፋ ብንል ነገሩ በቀላሉ ባለቀ ነበር፤ ፖሊስ ጣቢያውም ቅርብ ነው። ልክነሽ ግን «አልጠፋም። የት እንዳለ እያወቅሁ ጠፋ ብዬ አልምልም» አለች። የት እንዳለ ነገረቻቸው። አቶ ሽበሺ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው በሩን ዘጉ። ተመልሰው ተቀመጡና፣ ማኅተሙ በክቡርነትዎ ጽሕፈት ቤት እጅ እንደሚገኝ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋ እንደሌለው፣ ከዚያ ቀን በኋላ በማናቸውም ሰነድ ላይ ተመትቶ ቢገኝ ኃላፊነቱ የመታው ሰው መሆኑን ጻፉ። የራሳቸውን ማኅተምም መቱበት። ልክነሽ እንዲደገምላት ጠየቀች፤ ደገሙላት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ሐምሌ 15 ቀን ጠረጴዛው ሲዘጋጅ፣ አበባው ሲቀመጥ፣ ፎቶ አንሺውም ከሁሉ ቀድሞ ሲደርስ፣ መሳቢያውን ከመክፈትዎ በፊት ይህን ያስታውሱ ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ። በእጅዎ ያለው ማኅተም የሌለ ማኅበር ማኅተም ነው። ሁለት ዓመት ካምፑን መገበ የተባለው የለም። መሬቱን በፈቃዱ ለቀቀ የተባለውም የለም። መሬቱን ማስለቀቅ ከፈለጉ ሠላሳ አንድ በር አንድ በአንድ ማንኳኳት ይኖርብዎታል፤ በየበሩም ውስጥ አሁን ማንበብ የምትችል ሴት ተቀምጣለች፤ ወረቀቱን ተቀብላ፣ መነጽሯን ፈልጋ፣ ከላይ እስከ ታች ሳትጨርስ አትመልስልዎትም። ብዙ ጊዜ ይፈጅብዎታል ብዬ እፈራለሁ። እኛ ግን ጊዜ አለን፤ ሥራ እንዳናገኝ ስለ ረዱን እናመሰግናለን።

ኩባንያውንም አልወቅሰውም። እነሱ የሰው አገር ሰዎች ናቸው፤ የአካባቢው ሰው የቱ ነው ብለው ሲጠይቁ ያሳዩአቸውን አመኑ። እኔ የምጠረጥረው ያሳየውን ነው።

የሥራ ዘመንዎ እንደ ሪፖርትዎ የረዘመ፣ እንቅልፍዎም እንደ ቃልዎ የቀለለ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ለሰጡን ትምህርት፣ ለነሡን ሥራ፣ ላስጻፉልንም ደንብ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና ሳልጨርስ፣ ወረቀቱ ስላለቀብኝ ብቻ ከወንበርዎ ፊት ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ጌጤ ሻንካ
የፈረሰው ማኅበር ጸሐፊ፣ ያልተለቀቀው መሬት ባለቤት
ምዕራብ ዓባያ

ግልባጭ፦
ለኩባንያው ካምፕ ሥራ አስኪያጅ (በማርቆስ እጅ)
ለማኅበራት መዝጋቢ ቢሮ
ለምዕራብ ዓባያና ለአርባ ምንጭ መናኸሪያ ግድግዳዎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ የደብዳቤውን ረቂቅ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ እርስዎ የእኛ ማኅበር መፍረሱን ሰምተው ለዓባያ ዳር የሚፈርም ሌላ የሴቶች ማኅበር ካምባ ላይ እየፈለጉ መሆኑን ሐሙስ ዕለት ሰማን። የካምባ ሴቶች ሐይቁን አይተውት ባያውቁም አካባቢ ናቸው እንዳሉ ተነግሮናል። ስለዚህ ልክነሽና ብርቅዬ በቅዳሜው መኪና ካምባ ወጥተው የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ በገበያው መካከል አንብበዋል። ከሚሰሙት መካከል እናትዎ ነበሩ። ጤንነታቸው መልካም ነው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ያማቸዋል። እስከ መጨረሻው ቆመው ከሰሙ በኋላ፣ «ሌላ ገጽ የለውም ወይ? ልጄ ማኅተሙን መለሰ የሚለው ገጽ?» ብለው ጠየቁ። ሴቶቹ ገና አልተጻፈም አሏቸው። ቤታቸው ወስደው ምሳ አበሏቸውና፣ ያ ገጽ እስኪጻፍ ድረስ እርስዎ ወደ እናትዎ ቤት እንዳይመጡ እንድንነግርዎ በእነርሱ ላኩብን።